ከታች የሚጠቁር ቲማቲም፦ ማዳበሪያውን ያቁሙ፣ ውሃውን ያስተካክሉ

ጥያቄ፦ «በጓሮዬ 14 የቲማቲም ተክሎች አሉኝ። 8ቱ በመደብ፣ 6ቱ ደግሞ በ10 ሊትር ባልዲ ነው የተተከሉት። ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ቁመታቸውም ከእኔ በልጧል። ፍሬዎቹ ግን የእንቁላል ያህል ሲደርሱ ከታች በኩል ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነጥብ ያወጣሉ፤ ከዚያ ይጠቁራሉ። በባልዲ ያሉት ብሶባቸዋል። ሞላላዎቹ ከክቦቹ የበለጠ ተጎድተዋል፤ ጥቃቅኖቹ ቼሪ ቲማቲሞች ግን አንድም አልተነኩም። ‹ካልሲየም አጥሯቸው ነው› ስለተባልኩ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ሥራቸው ላይ በተንኩ። ወተት በውሃ አቅጥኜ አጠጣሁ። ፀረ ፈንገስ 2 ጊዜ ረጨሁ። ዩሪያ በየ2 ሳምንቱ እሰጣለሁ። ሥራ ስለሚበዛብኝ ውሃ የማጠጣው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን በደንብ አድርጌ ነው። ወደ ጤነኞቹ ሳይዛመት ልንቀላቸው? የተጎዳው ፍሬስ ይበላል?»

ምላሽ፦ አይንቀሏቸው። ተክሎቹ አልታመሙም። የገለጹት ችግር የአበባ ጫፍ መበስበስ ይባላል። አበባው በነበረበት የፍሬው ጫፍ ላይ ስለሚወጣ ነው ስሙን ያገኘው። «መበስበስ» ይባል እንጂ መነሻው ፈንገስም ባክቴሪያም አይደለም። ከፍሬ ወደ ፍሬ አይዛመትም። ከተክል ወደ ተክል አይተላለፍም። ከዚህ ፍሬ ዘር ቢያወጡም ዘሩ በሽታ ይዞ አይሄድም። ስለዚህ የፀረ ፈንገሱ ርጭት ለዚህ ችግር ምንም አልረዳዎትም፣ ወደፊትም አይረዳዎትም። ዛሬውኑ ያቁሙት።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ የጠቆረ ፍሬ ይቅጠፉና ከተንጠለጠለበት ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ለሁለት ይሰንጥቁት። የጠቆረውን ቦታ በጣትዎ ይጫኑት። እንደ ቆዳ ጠንከር ያለና ደረቅ ነው፤ ጠፍጣፋ ወይም ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ነው። በጥቁሩና በጤነኛው መካከል ያለው ድንበር ጥርት ብሎ ይታያል። ከድንበሩ በላይ ያለው ሥጋ ደህና ነው። ሽታ የለውም። ይህን ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም። አንዳንዴ ጥቁሩ ላይ ጸጉር መሳይ ሻጋታ ይወጣል። ያ ሻጋታ በኋላ የመጣ ነው፤ የሞተ ቦታ አግኝቶ የሰፈረ እንጂ ችግሩን ያመጣው እሱ አይደለም። ብዙ ሰው ፀረ ፈንገስ ወደ መግዛት የሚሄደው ይህን ሻጋታ አይቶ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ነገሮች አሉ። ጉዳቱ ፀሐይ በሚመታው ጎን ላይ ብቻ ከሆነና ነጣ ብሎ ወረቀት ከመሰለ የፀሐይ ቃጠሎ ነው። ከላይ በትከሻው በኩል ቅባት የነካው የሚመስል ቡናማ ጉዳት ካለ፣ ቅጠሉና ግንዱም አብረው ከጠቆሩ፣ ያ እውነተኛ በሽታ ነው። እሱ በፍጥነት ስለሚዛመት ለብቻው መታየት አለበት። የእርስዎ ግን ቅጠሉ ንጹሕ ነው፤ ጉዳቱም ከታች ብቻ ነው።

አሁን ወደ ካልሲየሙ እንምጣ። የነገሩዎት ሰዎች ግማሹን እውነት ነው የነገሩዎት። አዎ፣ የጠቆረው ቦታ ካልሲየም አጥሮታል። ካልሲየም የሕዋሶችን ግድግዳ አጣብቆ የሚይዝ ነገር ነው። ፍሬው በፍጥነት እያበጠ ባለበት ሰዓት ካልሲየም ካልደረሰው ግድግዳው ይላላል፤ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈስሳል። መጀመሪያ ያዩት ውሃ የቋጠረ ነጥብ ይኸው ነው። ከዚያ ይደርቅና ይጠቁራል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። የተሳሳቱት «ፍሬው ካጠረው አፈሩም አጥሮታል» ያሉት ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ሞልቷል። ፍሬው ጋ ያልደረሰው መንገዱ ስለተቋረጠ ነው።

መንገዱ ደግሞ ውሃ ነው። ካልሲየም ተክሉ ውስጥ የሚሄደው በውሃ ተጭኖ ብቻ ነው። ሥሩ ከአፈሩ ውሃ ይስባል። ውሃው በግንዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ካልሲየሙም አብሮት ይጓዛል። ውሃውን ወደ ላይ የሚጎትተው ማን ነው? ቅጠሉ ነው። ቅጠል ቀኑን ሙሉ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ያተናል፤ ባተነ ቁጥር ከታች ይስባል። የቲማቲም ፍሬ ቆዳ ግን እንደዚህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ልስልስና ሰም የተቀባ ነው፤ ውሃ የሚያተነው እጅግ በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከሚመጣው ውሃ አብዛኛው ወደ ቅጠል ይሄዳል፤ ፍሬው የሚያገኘው የተረፈውን ነው። የፍሬው ታችኛው ጫፍ ደግሞ ከመግቢያው በጣም የራቀው ቦታ ነው። ቱቦዎቹም እዚያ ጋ ሲደርሱ ይሳሳሉ። አንድ መስኖ ውሃ ሲያንሰው መጀመሪያ የሚደርቀው መጨረሻ ላይ ያለው እርሻ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ተክሉ ናይትሮጅን ቢያጥረው ከአሮጌ ቅጠሎቹ አውጥቶ ለአዲሶቹ ይሰጣል። በካልሲየም ግን ይህን ማድረግ አይችልም። አንዴ ቅጠል ውስጥ የገባ ካልሲየም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቅጠሉ በካልሲየም ተሞልቶ፣ 10 ሳንቲሜትር ከሱ ርቆ የተንጠለጠለው ፍሬ ሊራብ ይችላል። ቅጠል ላይ የሚረጭ ካልሲየም ብዙም የማይሠራውም ለዚሁ ነው። ቅጠሉ ላይ ያረፈው ወደ ፍሬው አይሻገርም። አብዝተው ከረጩት ደግሞ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መካከለኛ የሚባል የአትክልት አፈር በ1 ኪሎ ውስጥ 1000 ሚሊግራም ያህል ተክል ሊወስደው የሚችል ካልሲየም አለው። 1 ካሬ ሜትር መደብ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቢመዘን 250 ኪሎ ገደማ አፈር ነው። ስለዚህ ካሬው ላይ 250 ግራም ያህል ካልሲየም አለ ማለት ነው። ተክልዎ በዕድሜው ሙሉ የሚፈልገው ከዚህ ጥቂቱን ነው። 1 ሊትር ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ 1.2 ግራም ገደማ ነው። እሱንም በውሃ አቅጥነው ለብዙ ተክል አካፍለውታል። የጨመሩት ካለው ላይ ጠብታ ነው። ለዚያውም ወተት አፈር ላይ ሲፈስስ ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ይተዉት።

የእንቁላል ቅርፊት ከ100 እጅ 95 ያህሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየም አለው፣ እውነት ነው። ግን የሚሟሟው ቀስ ብሎ ነው። በእጅ የተፈረካከሰ ቅርፊት ከዓመት በኋላ ሲቆፍሩ እንዳለ ያገኙታል። አፈሩ ኮምጣጣ ካልሆነ እንደ ዱቄት የተፈጨውም ቢሆን ይዘገያል። በዚህ ሳምንት እያበጠ ላለ ፍሬ አይደርስም። ወደ ብስባሽ ጉድጓድዎ ቢጨምሩት ጥሩ ነው፤ ከመጨመር የሚከለክልዎት የለም። ለዚህ ችግር መድኃኒት ነው ብለው ግን አይጠብቁት። አንዳንዶች ደግሞ የእንግሊዝ ጨው ጨምሩበት ይላሉ። ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ። እሱ ማግኒዥየም ነው እንጂ ካልሲየም አይደለም። ማግኒዥየም ሲበዛ ሥሩ ላይ ከካልሲየም ጋር ይሻማል። ያባብሳል እንጂ አያድንም።

«ታዲያ እኔ ያወቅኋቸው ሰዎች ቅርፊት ጨምረው ዳነላቸው» ሊሉኝ ይችላሉ። ዳነላቸው፤ አልዋሹም። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ችግር የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ዘለላዎች ላይ ነው። ያኔ ተክሉ ቅጠል በፍጥነት እያወጣ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ገና አልተስፋፋም። ሥሩ ጥልቀት ሲይዝ ቀጣዮቹ ዘለላዎች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይስተካከላሉ። ሰውየው የመጀመሪያው ዘለላ ሲጠቁር ቅርፊት ጨመረ፤ ሦስተኛው ዘለላ ጤነኛ ሆኖ ወጣ። ምስጋናው ለቅርፊቱ ሆነ። ምንም ባይጨምር ኖሮም ሦስተኛው ዘለላ ጤነኛ ሊሆን ይችል ነበር። በየጓሮው የሚሰማው የዚህ ዓይነት ምክር ብዛቱ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰዎቹ በቅንነት ነው የሚመክሩት። ጎን ለጎን ምንም ያልተጨመረበት ተክል ስለሌላቸው ግን ልዩነቱን ማየት አይችሉም።

የእርስዎን ችግር ያመጣው ምንድን ነው? ጥያቄዎ ውስጥ ራስዎ ጽፈውታል። 4 ነገሮች አሉ፦ የውሃው መራራቅ፣ የባልዲው ማነስ፣ ዩሪያው እና የዝርያው ዓይነት። እኩል አይደሉም። ትልቁ ውሃው ነው።

ረቡዕ ያጠጣሉ፣ ቅዳሜ ያጠጣሉ። ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ 4 ቀን ነው። «በደንብ አድርጌ ነው የማጠጣው» ያሉት ለመደቡ ብዙም መጥፎ አይደለም። ለባልዲው ግን አይሠራም። ከ10 ሊትር አፈር ውስጥ ተክሉ ሊጠጣው የሚችለው ውሃ ቢበዛ 3 ሊትር ገደማ ነው። ከሰው ቁመት የበለጠ፣ ፍሬ የተሸከመ ቲማቲም በሞቃት ቀን 2 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ቅዳሜ ጠዋት የሞሉት ባልዲ እሑድ ማታ ባዶ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ተክሉ የሚኖረው በችግር ነው። አፈሩ ሲደርቅ ውሃ መውጣት ያቆማል፤ ካልሲየምም አብሮ ይቆማል። ይባስ ብሎ ቅጠሉ በጣም ሲጠማው ከፍሬው ራሱ ውሃ መልሶ ይስባል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ማታ ሲነሳ አይተው ይሆናል። ማታ ሲነሳ «ዳነ» ይላሉ፤ ፍሬው ውስጥ የተፈጠረው ክፍተት ግን አይመለስም።

ስለ ሌሊቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፀሐይ ስትጠልቅ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ መሳቡ ይቀንሳል። ሥሩ ግን ውሃ እየገፋ ወደ ላይ መላኩን ይቀጥላል። ያን ሰዓት ቅጠሉ ስለማይሻማ ፍሬው ድርሻውን ያገኛል። ንጋት ላይ በአንዳንድ ቅጠሎች ጫፍ ላይ የሚያዩት የውሃ ጠብታ ሁሉ ጤዛ አይደለም፤ የዚህ ግፊት ምልክትም ሊሆን ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን አፈሩ ሌሊት እርጥበት ሊኖረው ይገባል። በደረቅ አፈር ያደረ ተክል ይህን ዕድል ያጣል።

ባልዲ ላይ የሚያታልል ሌላ ነገር አለ። አፈሩ ክው ብሎ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከባልዲው ግድግዳ ይለያል። ጣትዎን በጠርዙ ቢያስገቡ ክፍተቱን ያገኙታል። ውሃ ሲያፈሱበት በዚያ ክፍተት ቁልቁል ሮጦ በታችኛው ቀዳዳ ይወጣል። እርስዎ ከታች ሲወጣ ያዩና ጠጥቷል ብለው ይሄዳሉ። መሐሉ ግን አቧራ ነው። ይህን ለማወቅ ባልዲውን ከማጠጣትዎ በፊትና በኋላ ዘንበል አድርገው ክብደቱን ይለኩት። ልዩነት ከሌለ ውሃው አልፎ ሄዷል። መፍትሔው መጀመሪያ ትንሽ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ደግሞ ማጠጣት ነው። የመጀመሪያው ውሃ አፈሩን ያላላዋል፤ ሁለተኛው ይገባል።

ወደ ዩሪያው ልለፍ። «ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመታቸው ከእኔ በላይ» ያሉት በኩራት እንደሆነ ይገባኛል። ለእኔ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። በየ2 ሳምንቱ ለቲማቲም መስጠት ብዙ ነው። ሁለት ጉዳት ያመጣል። አንደኛ ቅጠል ያበዛል፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር ውሃውን የሚሻማው ይበዛል። ሁለተኛ ዩሪያ አፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚለወጠው አሞኒየም ወደሚባል የናይትሮጅን ዓይነት ነው። አሞኒየም ደግሞ ሥሩ ላይ የካልሲየምን መግቢያ ይሻማል። ማለትም በአንድ እጅ ቅርፊት እየበተኑ፣ በሌላ እጅ ካልሲየሙ እንዳይገባ በር እየዘጉበት ነበር። ባልዲ ውስጥ ደግሞ ትርፉ ማዳበሪያ መሄጃ ስለሌለው ጨው ሆኖ ይጠራቀማል። የአፈሩ ፊት ወይም የባልዲው ጠርዝ ላይ ነጭ የደረቀ ሽፋን ካዩ እሱ ነው። ጨው ሲበዛ አፈሩ እርጥብ ሆኖ እንኳ ሥሩ ውሃ ለመሳብ ይቸገራል።

ዝርያው ላይ ብዙ አልቆይም። ሞላላ ቲማቲሞች ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ቼሪ ቲማቲም በአብዛኛው አይነካውም፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ጫፉ ከመግቢያው አይርቅም። አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ እያገኙ ሞላላዎቹ ጠቁረው ቼሪዎቹ ደህና መሆናቸው ራሱ አፈርዎ ካልሲየም እንዳላጣ ፍንጭ ይሰጣል።

ያልጻፉልኝ ግን ልጠይቅዎ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ይኮተኩታሉ? ከተኮተኮቱስ ምን ያህል ጠልቀው ነው? ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ አንድ መደብ ቲማቲም አረም እንዳይወጣበት ብዬ በየሳምንቱ በጥልቀት እኮተኩት ነበር። ውሃው አልጎደለም፤ ማዳበሪያም አላበዛሁም። ፍሬው ግን ጠቆረ። ምክንያቱን ያገኘሁት አንዱን ተክል በጥንቃቄ ቆፍሬ ሳወጣ ነው። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ያለው ሥር በሙሉ ተቆርጦ ነበር፤ ጫፉ ላይ እንደ መጥረጊያ የተቆራረጡ ቡናማ ጉቶዎች ብቻ ቀርተዋል። ካልሲየም የሚገባው በአዳዲሶቹ፣ ነጫጭና ቀጫጭን የሥር ጫፎች ነው። እኔ በየሳምንቱ እነሱን ነበር የምቆርጠው። ከዚያ ወዲህ ቲማቲም ሥር ያለ አረም በእጄ እነቅላለሁ እንጂ ዶማ አላስጠጋም። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ።

እንግዲህ የምመክርዎ ይኸው ነው። የጠቆሩትን ፍሬዎች ዛሬ ሁሉንም ይቅጠፉ፤ ትንሽ ነጥብ ያለባቸውንም ቢሆን። አይድኑም፤ ከጤነኞቹ ጋር ውሃ ይሻማሉ። ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ። ቢያንስ ለ4 ሳምንት ምንም ማዳበሪያ አይስጡ። ተክሉ አሁን ያለው ቅጠል ይበቃዋል። ባልዲዎቹን አንድ ጊዜ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡ፦ ለእያንዳንዱ 20 ሊትር ያህል ቀስ እያሉ ያፍስሱ፣ ከታች ወጥቶ ይሂድ። የተጠራቀመው ጨው አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ባልዲዎቹ በየቀኑ ውሃ ማግኘት አለባቸው። በጣም ሞቃት በሆነ ቀን ጠዋትና ማታ።

«ጊዜ የለኝም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለባልዲ ግን ከዚህ የሚያድን ነገር የለም። ቤት ውስጥ ጠዋት 5 ደቂቃ የሚያጠጣልዎ ሰው ይፈልጉ፤ ወይም ከ6ቱ ባልዲ 3ቱን ትተው በቀሩት ላይ ያተኩሩ። ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ በስቶ፣ ሞልቶ፣ ገልብጦ አፈሩ ውስጥ መትከልም ይቻላል። ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። አንድ ቀን ያሻግርዎታል፤ 4 ቀን ግን አያሻግርዎትም።

መደቡ ይቀላል። በሳምንት ለ1 ካሬ ሜትር ከ25 እስከ 35 ሊትር ውሃ ይስጡ፤ ዝናብ ካለ ይቀንሱ። ያንን ለ3 ቀን ያካፍሉት፤ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ። አሸዋማ አፈር ከሆነ ለ4 ቀን። ጠዋት ያጠጡ፣ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን። ካጠጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ በአካፋ አንድ ቦታ ሰንጥቀው ይዩ፤ እርጥበቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር መውረድ አለበት። 5 ሳንቲሜትር ላይ ከቆመ ፊቱን ነው ያራሱት። በሌላው ቀን ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ይክተቱ፤ እዚያ ከደረቀ ቀኑን አይጠብቁ።

ከዚያ ጉዝጓዝ ያልብሱት። ይህን ሥራ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ደረቅ ሣር፣ ጭድ ወይም የደረቀ ቅጠል ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት መደቡ ላይ ያንጥፉ። ከግንዱ አንድ ጣት ወርድ ያህል ያርቁት፤ ግንዱን ከነካ ያሻግተዋል። ጉዝጓዝ ትነቱን ይቀንሳል፣ አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ አረሙንም ያፍናል፤ ስለዚህ ዶማውን ያሳርፋል። ለባልዲም 3 ሳንቲሜትር ያህል ያልብሱ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አፈሩ ደርቆ ሳለ አያልብሱት። መጀመሪያ ያጠጡት፣ ከዚያ ይሸፍኑት።

ሌላው ጥንቃቄ ይህን አንብበው ወደ ተቃራኒው እንዳይሄዱ ነው። አፈር ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ ሥሩ አየር ያጣል። አየር ያጣ ሥር መሐል ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ካልሲየም አይወስድም፤ ፍሬውም ልክ እንደ ደረቀው ይጠቁራል። ቅጠል በብዛት መልምሎ ውሃውን ለፍሬ ማትረፍም የሚመስላቸው አሉ። ጥቂት የጎን ቀንበጦችን ማንሳት ችግር የለውም። አንድ ቀን ግማሹን ቅጠል ካወረዱ ግን ፍሬው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ይቃጠላል።

ነገ ጠዋት ለውጥ አይጠብቁ። ጉዳቱ የሚጀምረው ዓይንዎ ሳያየው ነው፤ ፍሬው ገና ትንሽ ሆኖ በፍጥነት በሚያብጥባቸው ሳምንታት። ስለዚህ ውሃውን ካስተካከሉ በኋላም ለ2 ሳምንት ያህል የሚጠቁር ፍሬ ሊያዩ ይችላሉ። እነዚያ ባለፈው ጥማት የተጎዱ ናቸው። ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጠው ሌላ ነገር መጨመር እንዳይጀምሩ አደራ። የሚፈርዱት ዛሬ አበባ ሆነው ባሉት ነው። ኃይለኛ ሙቀትና ንፋስ በተከታታይ ከመጣ ደግሞ ሁሉንም በትክክል ቢሠሩም ከሞላላዎቹ ጥቂት ፍሬ ሊጠቁርብዎ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ዜሮ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም።

አፈሩ በእውነት ካልሲየም ያጣበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። በጣም ኮምጣጣ አፈር፣ ዝናብ ለዓመታት ያጠበው አሸዋማ አፈር፣ ወይም አፈር የሌለበት ድብልቅ። ይህን የሚያውቁት ግን በማስመርመር ነው፤ በግምት አይደለም። ቲማቲም ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ6.2 እስከ 6.8 የሆነ አፈር ይስማማዋል። ምርመራው ከ5.5 በታች ካሳየ ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ ደግሞ ለመሥራት ወራት ስለሚፈልግ ከመትከልዎ 2 ወይም 3 ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። አሁን ፍሬ በያዘ ተክል ሥር መበተን አይረዳም። ፒኤቹ ደህና ሆኖ ካልሲየሙ ብቻ ካነሰ ጂፕሰም የሚባለው ካልሲየም ያለው ማዕድን ይሻላል፤ የአፈሩን ኮምጣጣነት አይለውጥም። ሳያስመረምሩ በየዓመቱ ኖራና አመድ የሚጨምሩ ሰዎች አፈራቸውን ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዱታል። ያኔ ደግሞ ብረትና ዚንክ ተክሉ የማይወስዳቸው ይሆናሉ፤ ቅጠሉ ይገረጣል።

ፍሬው ይበላል። ጥቁሩን ቦታ ከነድንበሩ ቆርጠው ይጣሉ፣ የቀረው ደህና ነው። ሻጋታ ካለው፣ ከለሰለሰ ወይም ከሸተተ ግን ሁሉንም ይጣሉት። ጤነኛ የሚመስለውን ክፍልም ቢሆን በጠርሙስ አሽገው ለረጅም ጊዜ ለማቆየት አይጠቀሙበት። የተጎዳ ፍሬ ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚቀላም ልብ ይበሉ። ከዘለላው መሐል አንዱ ብቻ ሳይጠበቅ ከቀላ ገልብጠው ቂጡን ይዩት። የተጣለው ፍሬ ሻጋታ ከሌለው ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይግባ፤ የሚያስተላልፈው ነገር የለም።

ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ደበርጃንና ሐብሐብም በዚሁ ምክንያት ጫፋቸው ይጠቁራል፤ መፍትሔውም ያው ነው። ዝኩኒ ላይ ግን አይቸኩሉ። ትንሹ ዝኩኒ ከጫፉ ቢጫ ሆኖ ከለሰለሰ ብዙ ጊዜ አበባው በንብ ስላልተዳቀለ ነው።

ለሚቀጥለው ተከላ ባልዲዎቹን በ20 ሊትርና ከዚያ በላይ ይለውጡ። ይህን ካልቻሉ በ10 ሊትሮቹ ላይ ቼሪ ብቻ ይትከሉ፤ ሞላላዎቹን ወደ መደብ ያውርዷቸው። አሁን ደግሞ በእያንዳንዱ ተክል ላይ አበባ የያዘ አንድ ዘለላ መርጠው ክር ይሰሩበት። ከ4 ሳምንት በኋላ ክር ያሰሩባቸውን ፍሬዎች ብቻ ይቁጠሩ። መደቡ ላይ ያሉት በብዛት ከጠቆሩ ችግሩ ውሃው ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ከመደቡ ከ5 ቦታ አፈር ወስደው፣ ቀላቅለው ያስመርምሩ።